በማዳበሪያው ላይ የተጻፈው ስም

ካለፈው አረፋ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጩኸቱ እስኪያቆም እጠብቃለሁ። ሰው ሲደውል ብቻ አይደለም፤ ያቺ አጭር የመልእክት ድምፅ ስትሰማም እጄ እሺ ብሎ ወደ ኪሴ አይገባም። ባለቤቴ "ምነው፣ ፖሊስ ነው እንዴ የሚፈልግህ?" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ። እኔ ወልዴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በስልክ ዜና እየተናገርኩ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ በስተርጅና ስልክ ፈሪ ሆኜ አረፍኩት። ልጆቼ "ጻፈው፣ ይወጣልሃል" ስላሉኝ ነው ይኼን የምጽፈው። ይወጣልኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ጽፌ ስለማላውቅ ደግሞ እጄ ይከብደኛል።

ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የማረቆ በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች መደዳ የሚያልቅበት ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሐያት የምትባል የሰፈራችን ልጅ ስልክ ትጠግንባታለች፣ ከቨርና ቻርጀር ትሸጥባታለች፣ የከተማውን ወሬ ደግሞ ከዚያች ጥግ ተነስታ በስልኳ ለዓለም ታሰራጫለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግን የሐያት ሱቅ አይደለም። ያ ጥግ በእኔ ጊዜ ስልክ ቤት ነበር። አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የደፋች ኦፕሬተር፣ ከጎን መስታወቱ የተሰነጠቀ የመነጋገሪያ ሳጥን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተራ ይዤ አዲስ አበባን ስድስት ሰዓት ላይ የማገኝበት ቀን ብዙ ነው። "አዲስ አበባ መጥቷል፣ ጋዜጠኛው ግባ!" ስትል ሻዬን አስቀምጬ እሮጣለሁ። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ሮጬ ሄጄ ስመለስ የቀዘቀዘውን ደፍተው ሌላ ይቀዱልኝ ነበር እንጂ ድጋሚ አያስከፍሉኝም።

መስመሩ እንደ ሽሮ ስለሚንተከተክ ዜና መናገር ማለት መጮህ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ "ድገመው!" ይለኛል፣ እኔ እደግማለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ይሰማል። አገሩ ማታ በራዲዮ የሚሰማውን ቡታጅራ ቀን በስልክ ቤት ይሰማው ነበር ብል አላጋነንኩም። መስማት ብቻ መሰላችሁ? ያርሙኛል እኮ! አንድ ጊዜ አንዲት ድልድይ በመንግሥት ተሠራች ብዬ እየጮህኩ ሳለ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በዱላቸው መስታወቱን ኳ ኳ አደረጉና "አንተ ልጅ! ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ ነን እንጂ እነሱ አይደሉም፣ አስተካክል!" አሉኝ። እኔም "አንዴ ይቆይልኝ፣ እርማት አለ" ብዬ አስተካከልኩ። ዛሬ በየስብሰባው "የዜጎች ጋዜጠኝነት" ሲሉ ስሰማ እኚያ ሰውዬ ትዝ ይሉኛል። ዜጋውማ ያኔም ነበረ፤ መስታወቱን የሚያንኳኳበት ዱላ እንጂ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም።

እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ቡታጅራ ስመደብ ዘመዶቼ ሩቅ አገር የሄድኩ ያህል ነው ያለቀሱት። በካርታ ሲያዩት ጎረቤት ነው፤ መንገዱ ግን አዲስ አበባ ገብቶ ተመልሶ መውረድ ነበር። የመጣሁ ቀን የለበስኩትን ዛሬም አልረሳውም፤ ባለ አራት ኪስ ካኪ ጃኬት፣ ከታች ሰፋ ያለ ቴርጋል ሱሪ በከሰል ካውያ የተተኮሰ፣ ጫፉ ሾል ያለ ጥቁር ጫማ። ጫማው የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በዚያን ጊዜ ቡታጅራ የባጃጅ ጩኸት የት አይታ! ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ጋሪ ነው፣ በስሙኒ፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር ይታሰርላቸዋል፣ ባለጋሪው አለንጋውን አየር ላይ ያጮሃል፣ ከየሻይ ቤቱ በር ላይ በቆዳ ልብስ የተሸፈነ ራዲዮ ስለ መለየት ያንጎራጉራል። የገበያ ቀን ከማረቆዋ ቆሼ በኩል የሚመጣው በርበሬ ከተማውን ሁሉ ሲያስነጥሰው ይውላል። ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አንድ ላይ "ይማርህ" "አልሐምዱሊላህ" እየተባባለ፣ ዓይኑን እየጠረገ ይገበያያል። እኔም ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ መሐሉ እዞራለሁ። "ጋዜጠኛው፣ ዛሬ ምን ሰማህ?" ይሉኛል። እኔ ነኝ የምጠይቀው ወይስ እናንተ እያልኩ እስቃለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ አንድ ክፉ ቀን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የጭነት መኪና ላዩ ላይ ሰው እንደጫነ ተገለበጠ። በጋሪ ደረስኩ፣ አየሁ፣ ስሞቹን ጻፍኩ፣ ወደ ስልክ ቤት በረርኩ። ተራዬ ሊደርስ ሲል አንድ ሽማግሌ መጡና ክንዴን ያዙ። "ስም ጽፈሃል?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። "እናቶቻቸው ሰምተዋል?" ደብተሬን አጠፍኩት። "እንግዲያው ቁጥሩን ተናገር፣ ስሙን ለነገ አቆየው። መጀመሪያ እናትየው ከእኛ ትስማ።" መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲያው የሚወረወር ነገር አይደለም። ሬሳው ይለያል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ ይተዋል፣ ጎሕ ሲቀድ የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ቆሞ ይነገራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሕግ ነበረኝ፦ ሁለት ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም፣ መርዶ ያልደረሰበትን ስም አልጠራም። ሠላሳ ምናምን ዓመት በእነዚህ ሁለት ሕጎች ስኮራ ኖርኩ።

ያልኮራሁበትም አለ። አንድ ዓመት ወደ ቆላው በኩል ሕፃናት በትኩሳት ይወድቁ ጀመር። በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ስልክ ቤት ገብቼ ስጮህ አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ "የሚመለከተው አካል አረጋግጧል ወይ?" አለኝ። "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ" አልኩት። "ዓይንህ የሚመለከተው አካል አይደለም" አለኝና ዘጋው። እኔም ጠበቅሁ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፣ ጠበቅሁ። ዜናው ሲወጣ "መድኃኒት ተላከ" ተብሎ ነው የወጣው። እንግዲህ ያኔ ሐያት ብትኖር ኖሮ ስንቱ ልጅ ይተርፍ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አልጋዬ ላይ እገላበጣለሁ። ይኼንን ለእሷ የነገርኳት ቀን ስቃ "ጋሽ ወልዴ፣ እናንተ እኮ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሱት!" አለችኝ። ተናደድኩ፣ ተነስቼም ወጣሁ።

ሐያትን ክፉ ልጅ አድርጋችሁ እንዳትይዙብኝ። ቀልጣፋ ናት፣ አዛኝ ናት፣ አፏ ብቻ እንደ እጇ ይፈጥናል። የሰፈራችን ቦኖ ውኃ ሦስት ወር ደርቆ እኔ ማመልከቻ እያረቀቅሁ ሳለ እሷ ባዶ ጀሪካኖቹን አሰልፋ ላይቭ ገባች። በሁለተኛው ቀን ውኃ መጣ። መርካቶ ያለው የቡታጅራ ልጅ፣ ጅዳ ያለው ሁሉ በእሷ ስልክ ነው አገሩን የሚያየው። የእኔ ሙያ ወራሾች፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ሳይቀሩ ጠዋት ተነስተው የሐያትን ገጽ ነው የሚከፍቱት። አንዱን "ዛሬ የት ወጣህ?" ስለው "ምን መውጣት ያስፈልጋል ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ይመጣል እኮ" ይለኛል። ይኼ ነበር የሚያስጨንቀኝ። ሐያት መፍጠኗ አይደለም፤ ከእሷ ኋላ ቀስ ብሎ የሚያጣራ ሰው መጥፋቱ ነው። "ጋሼ አሁን ደግሞ ሊጀምር ነው" እያሉ ወራሾቼ ይጠቃቀሱብኛል። ልክ ናቸው፣ ደጋግሜ አወራዋለሁ።

የአረፋ ዋዜማ ዕለት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሚኒባስ ከከተማችን መግቢያ ላይ ካለችው ድልድይ አጠገብ ተገለበጠ። ሐያት የበዓል ገበያ ልትቀርጽ ወጥታ ነበር፤ ወሬውን ስትሰማ ባጃጅ ይዛ ፖሊስ ሳይደርስ ደረሰች። እኔ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። በድንገት ከታች፣ ከእትዬ ዘይነባ ግቢ፣ አንጀት የሚበጥስ ጩኸት ተነሳ። እትዬ ዘይነባ ከእኔ ቤት አራተኛዋ ጎረቤት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው አንድ ልጇ ኑረዲን ነው ዓይኗ። ሰው ይሮጣል። አንዷን አስቁሜ "ምንድነው?" ብላት ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ሐያት ናት፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፦ "የቆሰሉት ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። አንድ ሰው ሕይወቱ አልፏል። አላህ ይዘንለት። ይዞት በነበረው ዕቃ ላይ ስሙ ተጽፏል፣ ኑረዲን ይባላል። የሰፈራችን ልጅ ነው ወገኖቼ፣ የዘይነባ ልጅ ነው።" ከዚያ አለቀሰች። በነጠላ የተሸፈነ ሰው ይታያል፣ ከእግሩ ሥር ማዳበሪያ። በስክሪኑ ላይ የሚያለቅስ ምልክት እንደ ጉድ ይፈስሳል።

ኑረዲንን አሳድጌዋለሁ ማለት ይቻላል፤ ደብተሩን ይዞ መጥቶ እንግሊዝኛ ያስጠኑኝ የሚል ልጅ ነበር። ግን ያ የድሮ በሽታዬ ተነሳብኝ። ማን አየው? ማን ለየው? ለአንዱ ባለ መታወቂያ ወራሼ ደወልኩ። "አረጋግጣችኋል?" አልኩት። "አዎ ጋሼ፣ እኛም ለቀነዋል።" "ከማን አረጋገጣችሁ?" "ሐያት ለጥፋዋለች እኮ፣ ቦታው ላይ ነበረች።" የሰደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው፣ ከቢሮው ድልድዩ ድረስ የሻይ መጠጫ ጊዜ የማይፈጅ መንገድ ነው! ተነስቼ ወደ ሐያት ሱቅ ወረድኩ።

ሱቋን ግማሽ ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "ፊቱን አይተሽዋል?" አልኳት።

"እንዴት ብዬ ገልጬ አያለሁ ጋሼ? ሸፍነውታል፤ ነውር አይደለም እንዴ?"

"መታወቂያስ?"

"አልተገኘም። ስልኩም ደቆ ነበር። ማዳበሪያው ላይ ግን በትልቁ ተጽፏል፣ 'ኑረዲን፣ ቡታጅራ' ይላል፣ ወላሂ በዓይኔ ነው ያነበብኩት።"

"ሐያት" አልኳት፣ "አጎትሽ ከመርካቶ ዕቃ ሲልክላችሁ ማዳበሪያው ላይ የማንን ስም ነው የሚጽፈው?"

ዓይኗ ፈጠጠ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አገሬው ይኼን ልማድ ያውቀዋል፣ ለማያውቅ ልንገር። በዓል ሲደርስ መርካቶ ያለው ልጅ ራሱ መምጣት ካልቻለ ወይም ቀድሞ የሚላክ ካለው፣ ስኳሩን፣ ልብሱን፣ ሻሹን በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ወደ አገር ለሚገባ ለሚያውቀው ሰው ያስይዛል። የሚጻፈው ታዲያ የተቀባዩ ስም አይደለም፣ የላኪው ነው። እናቶቹ ብዙዎቹ አያነቡም፤ መናኸሪያ ላይ "የኑረዲን ዕቃ!" ተብሎ ሲጠራ ነው "የእኔ ነው!" ብለው የሚቀርቡት። በእኔ ዘመንም እንዲሁ ነበር፣ ያኔ በከሰል ይጻፍ ነበር፣ ዛሬ በማርከር ሆኗል እንጂ። ስሙ ያለበት ማዳበሪያ ማለት ባለስሙ አልመጣም ማለት ነው። ይኼንን ከቡታጅራ ልጅ የማያውቅ የለም። ሐያትም ታውቀዋለች። "ወላሂ ጠፋኝ፣ ጋሼ" ትላለች፣ "እግሩ ሥር ሳየው፣ ስሙን ሳነበው፣ እትዬ ዘይነባ ድቅን አለችብኝ፣ ሌላ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።"

የኑረዲን ስልክ እንደሆነ አይነሳም፤ ከተማው ሁሉ እየደወለለት ነው። ደብተሬ ላይ ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት የሚሠራ የአንድ ልብስ ሰፊ ቁጥር ነበረኝ። ደወልኩ። "ኑረዲን? አለ እኮ፣ ጣቃ እያወረደ ነው፣ ስልኩን ቻርጅ ሰክቶት ነው" አለኝ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ የኑረዲን ድምፅ መጣ። "ጋሽ ወልዴ፣ ምነው በሰላም?" ሐያት ከጎኔ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለች መሬቱን ትስማለች። እኔ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። "ልጄ፣ ማዳበሪያውን ለማን ነው የሰጠኸው?"

"ለታደሰ ለአናጢው። የጎረቤታችን የወርቅነሽ ባል። የሚሠራበት ቤት ባለቤት ሙስሊም ስለሆነ ሥራውን ለአረፋ ዘጋ፤ ታደሰም ወርቅነሽ ከምትጠብቀው አንድ ቀን ቀድሞ ተነሳ። በሩ ጋ ቦታ ይዤለት ራሴ ነኝ ያሳፈርኩት። ምነው ጋሼ?"

ሐያት ስልኳን አንስታ ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኩ። "ምን ልትዪ ነው?" "ኑረዲን በሕይወት አለ እላለኋ! እናቱ እየሞተች እኮ ነው!" "እሱ አይደለም ካልሽ፣ ማነው ሊሉሽ ነው። አንዱ የተሳፈረ ሰው ታደሰ ብሎ ከታች ይጽፍልሻል። ወርቅነሽም ስልክ አላት።" እጇ ወረደ። ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ግን ስንቱ ወስዶ በየገጹ ለጥፎታል፣ የእኔው ወራሾች ጭምር። እትዬ ዘይነባን ግን ለደቂቃም መተው አይቻልም። በአፋችን እንንገራት፣ ስለ ሌላው ትንፍሽ አንበል ተባብለን ወደ ግቢዋ ሄድን።

ግቢው ሞልቷል። ድንኳን ሊተክሉ እንጨት የሚያመጡ አሉ። እትዬ ዘይነባ ደረቷን ስትመታ ሁለት ሴቶች እጆቿን ይዘዋታል፤ አንደኛዋ ወርቅነሽ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ ዘይኔ" ትላታለች። ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ በፋሲካ ዘይነባ፣ በአረፋ ወርቅነሽ አንዷ የሌላዋን ቤት ትጠርጋለች። ሐያት ኑረዲንን በስልክ አገናኘችና የእናቱ ጆሮ ላይ አደረገችው። "እማ" ሲላት ሴትዮዋ መጀመሪያ አላመነችም፣ ከዚያ "ያ ረቢ! ልጄ! ልጄ ነው!" ብላ ወደቀች። ያን ጊዜ እልል ያለችው ወርቅነሽ ናት። ከሁሉም በፊት፣ ከሁሉም በላይ። ነጠላዋን ገልብጣ እያውለበለበች፣ እንባዋ እየወረደ፣ "እልልልል! ምስጋና ይግባው! የእናት አምላክ!" ትላለች። ግቢው ተቀበላት።

ወዲያው ወደ እኔ መጣች። "ጋሽ ወልዴ፣ ታዲያ የሞተው የማን ልጅ ይሆን? ውይ፣ የዚያችኛዋ እናት ደግሞ ምን ትሁን!" አለችኝ። "አልተለየም" አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ሬሳውን ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም። ውሸት አልነበረም እያልኩ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት ግን እግዜር ይወቀው። ሐያት እጅጌዬን ጎትታ ከአጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። "ጋሼ፣ እንንገራት። እዚህ ሰው አለ፣ ይደግፋታል። ነገ ብትሰማ ይኼን እልልታዋን ምን ታደርገዋለች?" አለችኝ። "አላየነውም። በግምት መርዶ አይነገርም፤ ዛሬ በግምት ተናግረሽ የሆነውን አላየሽም?" አልኳት። ጭካኔ ነበረበት አነጋገሬ። አንገቷን ደፍታ ወደ ሰዎቹ ተመለሰች። አሁን ሳስበው ያቺ ልጅ በዚያች ሰዓት ከእኔ ይልቅ ልክ ነበረች መሰለኝ። አላውቅም። እኔ በሕጌ ነው የሄድኩት።

ሆስፒታል ሄድን፤ እኔና የዕድራችን ሽማግሌ። ታደሰ ነበር። የአናጢ እጁን ሳላየው ፊቱን ሳላየው በጫማው ነው ያወቅሁት፣ ባለፈው ፋሲካ አብረን ነው የገዛነው። ሽማግሌው "እንግዲህ ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ወንድሟ ከወልቂጤ ይድረስላት" አሉ። እኔም "ልክ ነው" አልኩ። ወርቅነሽ በዚያ ምሽት እትዬ ዘይነባ ቤት ለአረፋ ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። ኑረዲን ሲገባ ከእናቱ ቀጥላ ያቀፈችው እሷ ናት። እሱ ራሱ በያዘለት ወንበር ታደሰ መሞቱን ያውቃል፤ ዝም በል ብዬዋለሁ፤ ሲያቅፋት ግድግዳውን ነበር የሚያየው አሉኝ።

ጎሕ ሳይቀድ የወርቅነሽ በር ላይ ቆምን፤ ሽማግሌው፣ ወንድሟ፣ እኔ፣ እትዬ ዘይነባ ከነልጇ፣ ከሁሉም ኋላ ሐያት። ስልኳን ቤቷ ጥላ ነው የመጣችው። ወርቅነሽ በሩን ከፍታ እንዳየችን አንድም ሰው ሳይናገር ተቀመጠች፣ እዚያው መድረኩ ላይ። ከዚያ የሆነውን ልጽፈው አልችልም፤ መርዶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከመስጊዱ የበዓሉ ተክቢራ እየተሰማ፣ ጩኸቱ በርዶ ሰው ሲቀመጥ፣ በተዘጋ ድምፅዋ ጠራችኝ።

"ጋሽ ወልዴ።"

"አቤት፣ እህቴ።"

"ትናንት ዘይነባ ቤት እልል ስል፣ ታውቅ ነበር?"

ወንድሟ ወደ እኔ ዞረ። ሬሳው አልተለየም ነበር ልላት እችል ነበር፤ ሽማግሌው ነገ ብለው ነው ልላት እችል ነበር፤ ሥርዓቱ ነው ልላት እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉንም በሁለት ምስክር ማስረዳት እችላለሁ።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። በሩ ጥግ ላይ የቆመችውን ሐያትን አየቻትና እጇን ዘረጋችላት። ሐያት እግሯ ላይ ተደፍታ "ልነግርሽ ነበር፣ ወላሂ ልነግርሽ ነበር" እያለች ስታለቅስ ወርቅነሽ የልጅቷን ራስ እየዳሰሰች አብራት አለቀሰች። እኔን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።